የበሩ ጀርባ

አናጢው ወረቀት የሚያነብ ሰው አልነበረም። የመብራት ይሁን የውኃ ወይም የትምህርት ቤት፣ ወረቀት ከመጣለት ጆሮው ላይ የሰካትን እርሳስ መዝዞ ይፈርምና ወደ መላጊያው ይመለሳል። ሚስቱ "አንድ ቀን እኔን ራሴን ፈርመህ ትሰጠኛለህ" እያለች ስትቀልድበት ነው የኖረችው። ያን ዕለት ግን ልጁ የትምህርት ጉብኝት የፈቃድ ወረቀት ስታቀብለው አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። እርሳሱ ከጆሮው አልወረደም።

ወረቀቱ ምንም ክፉ ነገር አልነበረበትም። ሰባተኛ ክፍሎች ሐሙስ ጠዋት በከተማው አዳራሽ የተከፈተውን የባህል ቅርስና የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ይጎበኛሉ፤ ምሳ ይቋጠር፤ የሥዕል ወረቀትና እርሳስ ይያዝ፤ ወላጅ ይፈርም። በቃ። ግን ከታች በኩል፣ ለዕይታ ከቀረቡት ነገሮች መካከል፣ "ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ባለ ሰባት ወፎች በር" የሚል መስመር ነበር። የአናጢው አውራ ጣት እዚያ መስመር ላይ አርፎ ቀረ።

"አትሄጂም" አላት።

ልጅቷ ለምን ብላ አልጠየቀችም። ምክንያቱን ከእሱ እኩል ታውቀዋለች። እናንተ ግን አታውቁትምና ልንገራችሁ፤ አለዚያ ሰውየው ከመሬት ተነስቶ የሚደነብር ይመስላችኋል።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት በተከፈተ በወሩ ነው። አንድ መነጽር ያደረገ፣ ጫማው አቧራ የማያውቅ ሰው አንድ ትልቅ አሮጌ በር በመኪና ጭኖ ወደ አናጢው ሱቅ መጣ። ሰባት ወፎች በሐረግ መሀል የተቀረጹበት በር ነው፤ የአንደኛዋ ወፍ ምንቃር ተሰብሯል። ከቅርስ መሥሪያ ቤት ነኝ አለ። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ አሳየና መልሶ ኪሱ ከተተው። ዋናውን በር ሕዝብ ፊት ማቆም ያሰጋል፣ እሳት አለ፣ ሌባ አለ፤ ስለዚህ ቁርጥ እሱን የሚመስል ሥራልን፤ አንተ የሠራኸው ይታያል፣ ዋናው ተቆልፎበት ይቀመጣል አለው። ለጥበቃ ሲባል ግን ትንፍሽ እንዳትል ብሎ አስጠነቀቀው። አናጢው በዕድሜው እንዲህ ያለ ሥራ ነክቶ አያውቅም። ሰው የሚያመጣለት እግሩ የወለቀ ወንበርና አልዘጋ ያለ ቁም ሳጥን ነው። ደስታው ምሳ አስረሳው።

ችግር የሆነው እንጨቱ ነበር። አዲስ እንጨት ምንም ቢቀቡት አዲስ ነው፤ ሽታው ራሱ ያሳብቅበታል። አናጢው ያረጀ ወፍራም ሳንቃ ፍለጋ ከተማውን ሲያስስ ሰንብቶ አጣ። በመጨረሻ ዓይኑ ያረፈው በገዛ ቤቱ ላይ ነው። የሚኖሩበት ቤት የሚስቱ እናት ቤት ነበር፤ የጓዳው በር ደግሞ ከአማቱ አባት ዘመን የቆየ፣ ለሁለት ሰው የሚከብድ ነው። ነቀለው። በምትኩ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰቀለ። ሚስቱ ምን ቆርጦህ የእናቴን በር ትነቅላለህ ብላ ሳምንት ሙሉ አላስቀመጠችውም። ሥራ ነው፣ የተሻለ እሠራልሻለሁ አላት። እስከ ዛሬ አልሠራላትም።

የዚያ የጓዳ በር ጀርባ ባዶ አልነበረም። ልጅቷ ሰባት ዓመት ከሞላት ጀምሮ፣ ትምህርት በሚከፈትበት ቀን ጠዋት፣ አባቷ በሩን አስደግፎ ያቆማታል፤ መዳፉን አናቷ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ ያሳርፍና ወደ እንጨቱ ገፍቶ፣ እዚያው በቢላ ይጭራል። እሷ ታዲያ በየዓመቱ ታጭበረብራለች። በእግር ጣቷ ትቆማለች። "ተረከዝሽን አውርጂ፣ እሙዬ" ይላታል። ታወርዳለች። ቢላው ሲቀርብ ደግሞ ቀስ ብላ ትነሳለች። ያያታል። ይሳሳቃሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ በሩ ዳር ስድስት ጭረት ሆነ። አናጢው የሳንቃውን ፊት ቀርጾ ሲጨርስ ጀርባውን ሊልግ መላጊያውን አንስቶ ነበር። ልቡ እንቢ አለው። ጀርባው ግድግዳ ላይ ነው የሚጣበቀው፣ ማን ያየዋል፣ ደግሞስ የእጄ ሥራ መሆኑን አሠሪዎቼ ያውቁት የለ፣ አለና ተወው። ልጅቷ ከጎኑ ቆማ ነበር። መላጊያው ተመልሶ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ አይታ ደስ አላት።

በሩን አብረው ሠሩት ማለት ይቻላል። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ብርጭቆ ወረቀት ይዛ ትፈገፍጋለች፤ ሰጋቱራ በሰም ለውሳ ስንጥቅ ትደፍናለች፤ ፊቱን በሻይ ቅጠል ውኃና በጥላሸት ታሻለች። ክፍል ውስጥ ስሟን ትተው "ሰጋቱራ" የሚሏት በዚህ ነው፤ ጸጉሯ መሀል የእንጨት ብናኝ ጠፍቶ አያውቅም። ንድፉንም እሷ ነበረች የሣለችው። አባቷ ያስተማራት የሥዕል መንገድ አንድ ብቻ ነው። በር የሚሣለው ከጀርባው ነው ይላታል። ፊቱ ለሰው ነው፤ የሚሸከመው ጀርባው ነው። መጀመሪያ በወረቀቱ ጀርባ የበሩን ጀርባ ትሥያለሽ፣ አግዳሚዎቹን፣ የምስማሮቹን ጫፍ፣ ሁሉንም። ከዚያ ገልብጠሽ በፊተኛው ገጽ ፊቱን። ከዚያ መስኮቱ ላይ ለጥፈሽ በብርሃን ታይዋለሽ፤ ሁለቱ ካልገጠሙ በሩ አይዘጋም። ልጅቷ ከዚህ ሌላ አሣሣል አታውቅም። የሥዕል አስተማሪዋ ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም ታቆሽሺያለሽ እያለ ሲቆጣት ሁለት ዓመቱ ነው። እጇ አልሰማ ብሏት አንድም ቀን አልተወችም።

ሥራው አለቀ። ባለ መነጽሩ ሁለቱን በሮች በሁለት የተለያየ ቀን፣ በሁለት የተለያየ መኪና ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲያ ስልኩ አይነሳም። አናጢው የመንግሥት ሰው ሥራ ይበዛበታል ብሎ አላሰበበትም። ከዕለታት አንድ ቀን ግን ሱቁ ውስጥ እየሠራ ሬዲዮው ስለ ዐውደ ርእዩ ያወራል፤ ጥንታዊው በር፣ ዋናው፣ ራሱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ሊታይ ነው ይላል። አናጢው የተቀዳ የሚል ቃል ጠበቀ። አልመጣም። ሬዲዮውን አጠፋና ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ደብዳቤው ያለው ሰውየው ኪስ ውስጥ ነው። ሰውየው ደግሞ የለም። ዋናው በር የት አገር እንደ ደረሰ እግዜር ይወቅ። ከዚያ ነገር ጋር የሚገናኝ ሰው ይፈለግ ቢባል የሚገኘው አናጢው ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሚጠብቀው እስር ቤት ነው። ያኔውኑ ሮጦ መናገር ነበረበት፤ እኔ ብሆን እናገር ነበር ማለት ለእኔም ለእናንተም ቀላል ነው። ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ሳምንት አለፈው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ እስካሁን የት ነበርክ የሚለውን ጥያቄ ፈራ። ልጁን ለብቻዋ ጠርቶ ያን በር እንዳላየሽው ቁጠሪው፣ ለእናትሽም ቢሆን አላት። አባቷ ፈርቶ ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

እንግዲህ እርሳሱ ከጆሮው ያልወረደው በዚህ ነው። ግን እናት የምትባል አለች። ልጄ ጓደኞቿ ሲሄዱ እሷ ብቻዋን ክፍል ውስጥ ልትጎለት ነው፣ ደግሞ ነጥብ አለው ተብሏል፣ አንተን ምን ነካህ ብላ ወረቀቱን ነጥቃ ራሷ ፈረመች። አናጢው ምን ብሎ ይከራከር? ሐሙስ ጠዋት ልጅቷን በር ድረስ ሸኛትና ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ሌላውን ሁሉ እዪ፣ እዚያ ጋ ግን እንዳትቆሚ አላት። እሺ አለችው።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ጡሩምባ ነበረች። ይቺ ልጅ ጡሩምባ የተባለችው ያለ ነገር አይደለም፤ ከትምህርት ቤት እስከ አዳራሹ አፏን አልገጠመችም። ሰጋቱራ አንዱንም አልሰማችም።

አዳራሹ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ በሰም የተወለወለ፣ ድምፅ የሚያስተጋባ ነው። ልጆቹ ሲገቡ ያለ ማንም ቁጣ ዝም አሉ። በግድግዳው ላይ የወጣት ሠዓሊዎች ሥራ ተሰቅሏል፤ በሥዕሎቹ መሀል በመስታወት ሣጥን ውስጥ የድሮ ገንቦ፣ የቀንድ ዋንጫ፣ የተበላ ኮርቻ፣ የተጠቀለለ ብራና አለ። ጥግ ላይ አንድ ዘበኛ ጫማውን አውልቆ ተቀምጧል። ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ፣ በጥቁር ጨርቅ መሀል፣ ከላይ መብራት እየወረደበት በሩ ቆሟል። ልጅቷ ከወፎቹ በፊት የለየችው ከታች ያለውን የእንጨቱን ዓይን ነው። ሕፃን ሳለች ጣቷን የምትከትበት ቀዳዳ ነበር፤ ሰጋቱራና ሰም ለውሳ የደፈነችው ራሷ ነች። የአያቷን የጓዳ በር ሰው ተሰልፎ ያየዋል። ከጎኑ ያለው ካርድ ላይ በትልቁ "ዋናው" ተብሎ ተጽፏል።

የሥዕል አስተማሪው ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ አንድ ዕቃ ሊያከፋፍል ጀመረ። ፊት ለፊቱ ተቀምጣችሁ ትሥላላችሁ፣ ከሁላችሁም ሥዕል ሦስቱ ተመርጦ እዚሁ አዳራሽ ይሰቀላል አለ። ለጡሩምባ ኮርቻው ደረሳት። ሰጋቱራ አንገቷን ሰብራ ከልጆቹ ኋላ ተደበቀች። እሱ ደግሞ፣ መልካም ያደረገ መስሎት፣ በዓይኑ ፈልጎ አገኛት።

"የአናጢ ልጅ እያለችልን በሩን ለማን እንሰጣለን?" አለ።

እኔ ኮርቻውን እፈልጋለሁ አለችው። ጡሩምባም ልትለውጣት ፈቃደኛ ነበረች፤ ኮርቻው ይሸታል ብላ። አስተማሪው አይሆንም አለ። ከዚያ በላይ ብትከራከር ለምን ትባላለች። በሩ ፊት መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቷ አትቁሚ ያላት ቦታ ላይ፣ ሰሌዳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ።

እርሳሷን ገና ስታነሳ አንዲት ሴት መጥታ አጠገቧ ቆመች። የዐውደ ርእዩ የቅርስ ባለሙያ ናት፤ አጠር ያለች፣ ሽበት የጀመራት፣ አንገቷ ላይ አጉሊ መነጽር በክር ያንጠለጠለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነው። ዓይኗ ግን በሩ ላይ ነው እንጂ ልጅቷ ላይ አይደለም። ይህ በር ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ እንደ ነሳት ነገረቻት። ለምን እንደሆነ ራሷም አታውቀውም፤ የሰባተኛዋ ወፍ ምንቃር ስብራቱ አዲስ ይመስላታል።

"አባትሽ አናጢ ናቸው አሉኝ።"

"አዎ።"

"እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራሉ?"

"አይ። ወንበር ነው የሚሠራው" አለች ልጅቷ።

የት ሠፈር እንደሚኖሩ፣ ሱቁ የት እንደሆነ፣ እሷም እንጨት ትነካ እንደሆነ ጠየቀቻት። ልጅቷ ቀና ብላ ፊቷን እያየች፣ አንዷን ቃል ከሌላዋ እየመረጠች መለሰች። ሐሳቧ ሁሉ ምላሷ ላይ ነበር። እጇን የጠበቀው የለም። እጇ ብቻውን ቀረና ከስምንት ዓመቷ ጀምሮ የሚያደርገውን አደረገ፤ ወረቀቱን ገለበጠ። ሦስቱን አግዳሚዎች አሰመረ። የምስማሮቹን ጫፍ በየቦታው ነጠበ። ከቀኙ ዳር ደግሞ፣ አንዱ ከአንዱ በላይ፣ ስድስት አጫጭር ጭረት አኖረ። ሴትየዋ ልብ ሳትል ወደ ሌሎቹ ልጆች ሄደች። ልጅቷ በረጅሙ ተነፈሰች፤ ወረቀቱን አገላብጣ ወፎቹን መሣል ጀመረች። እፎይ ያለች መስሏታል። ምስኪን።

ሲመለሱ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ምሳውን በልቶ ይጫጫል። አስተማሪው በመተላለፊያው ሲያልፍ አናቷን በጣቱ ነካ አደረጋት።

"ሰጋቱራ፣ ዛሬም ወረቀቱን ከፊትም ከኋላም ጨርሰሽዋል፤ አየሁ እኮ" አላት። እየሳቀ ነበር።

ልጅቷ እጇን ገልብጣ አየችው። የመዳፏ ጎን በእርሳስ ጠቁሯል። ያኔ ነው እያንዳንዷ መስመር የታወሰቻት። ወረቀቶቹስ የት አሉ ብላ ጠየቀች። ባለሙያዋ ጋ ቀርተዋል፣ ሦስቱን መርጣ ካርቶን ላይ ትለጥፋቸዋለች አላት። አስቀያሚ ነው የሣልኩት፣ ተመልሼ ልውሰደው ብትለው፣ የሠራሽውን ሁሉ አስቀያሚ ነው ማለት መቼ ነው የምትተዪው ብሎ አለፈ። ጡሩምባ ምን ሆንሽ ብላ ደጋግማ ጠየቀቻት። አመመኝ አለቻት።

የዚያን ዕለት ለአባቷ ልትነግረው ሱቁ ደጃፍ ሁለቴ ደርሳ ሁለቴ ተመለሰች። በሩ ጋ ቆምሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት አልቆምኩም አለችው፤ ተቀምጬ ነበር ብላ ራሷን አታለለች። እሱ ደግሞ ሬዲዮውን ከሰማ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እያፏጨ ሠራ። ይህን ፉጨት ማን ያቋርጣል? ዓርብ አለፈ። ቅዳሜና እሑድ አለፈ። በሄደችበት ሁሉ የምታየው ስድስቱን ጭረት ነው። ምናልባት አይገለብጡትም ይሆናል ትላለች። ካልተገለበጠ ደግሞ ኮላው በየት በኩል ይቀባል? የአናጢ ልጅ ስለሆነች ይህን ታውቃለች።

ሰኞ ደብዳቤ ይዛ ገባች። ሥዕሏ መመረጡን ይናገራል፤ ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ከመከፈቱ በፊት እንድትገኝ ይላል። ከወላጅ ጋር አይልም፤ ከአባቷ ጋር ነው የሚለው። እናትየው ደብዳቤውን ለጎረቤት ሁሉ አነበበች። ያላነበበችለት ሰው የለም። የባሏን ደህና ኮት አውጥታ ተኮሰች፣ ልጄ በዚህ ቤት ስም ታስጠራለች አለች፤ በዚያ መጋረጃ በኩል ወጣ ገባ እያለች ስትዘፍን ዋለች። አናጢው ይህኛውን ወረቀት አላነበበውም። ያነበበው የልጁን ፊት ነው። እርሳሱን ከጆሮው አውርዶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

ማክሰኞ በእግራቸው ሄዱ። ኮቱ ትከሻው ላይ ጠቦት ነበር። ግማሽ መንገድ ከተጓዙ በኋላ ልጅቷ ቆመች።

"አባዬ፣ ጀርባውን ሣልኩት።"

አናጢውም ቆመ። መኪናዎች ያልፋሉ፤ አንዲት ሴት የሱቋን ደጃፍ ውኃ ትረጫለች።

"ከነጭረቶቹ?" አላት።

"ከነጭረቶቹ።"

ይቆጣኛል ብላ ጠበቀች። ቢመታትም ደስ ይላት ነበር። እሱ ግን ጸጉሯ ላይ የነበረችውን አንዲት ብናኝ በሁለት ጣቱ ነቅሎ ጣላትና እጇን ያዘ። መሣል እንዲህ ነው ብዬ ያስተማርኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ አላት። እንመለስ ብላ ለመነችው፣ እንጥፋ አለችው፣ አለቀሰች። ወዴት እንጠፋለን አላት፤ ሱቄ እዚህ ነው፣ እናትሽ እዚህ ናት። መንገዱን ቀጠሉ።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ጫማውን የሚያወልቀው ዘበኛ ዛሬ ጫማውን አጥልቆ፣ ወንበሩን ትቶ ቆሟል። መግቢያው አጠገብ ደግሞ ሥዕልም ቅርስም የማያዩ ሁለት ሰዎች እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ቆመዋል። አባትና ልጅ ሲያልፉ አንደኛው ሄዶ በሩን ዘጋው። ጥቁሩ ጨርቅ ከመጨረሻው ግድግዳ ላይ ተነስቷል። በሩ ከተሰካበት ወርዶ፣ መሬት ላይ ቆሞ፣ ግድግዳውን ተደግፏል። ፊቱ ወደ ግድግዳ ነው። ለአዳራሹ ያዞረው ጀርባውን ነው።

ባለሙያዋ ሰላም አለቻቸው። አናጢውን በአክብሮት እጅ ነሳች፤ ለልጅቷ ፈገግ ለማለት ሞከረችና አልሆነላትም። ወረቀቱን አነሳችና በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘረጋችው። ወፎቹና አግዳሚዎቹ አንድ ላይ ታዩ፤ ገጥመዋል።

"ይህ በር የመጣው በሣጥን ታሽጎ ነው" አለች። "ግድግዳው ላይ ሲሰካም ሠራተኞቹ ናቸው የሰኩት። ጀርባውን እኔ ራሴ ያየሁት ትናንትና ነው፤ ለዚያውም ይህን ሥዕል አይቼ። አንቺ እንዴት አየሽው፣ ልጄ?"

ልጅቷ ገምቼ ነው አለች። በር ሁሉ ከኋላው አግዳሚ አለው፣ ምስማርም አለው አለች። ቃላቱ አንዱ አንዱን እየረገጠ ወጣ። አባቷ ጭረቶቹን ያያል። ሲጭራቸው የነበረውን እያንዳንዱን ጠዋት የሚያይ ይመስል ነበር።

ሴትየዋ አግዳሚውስ ይሁን አለች፤ ጭረቶቹስ? የልጅ ቁመት የተለካባቸው ይመስላሉ። ምናልባት ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በዚያ ቤት የነበረች ልጅ ትሆናለች አለች። የልጅቷ ዓይን በራ። አዎ፣ እንደዚያ ይሆናል አለች፤ በዚያች ከሦስት መቶ ዓመት በፊት በነበረች ልጅ ላይ ተንጠለጠለች። ሴትየዋ አቀረቀረች። ከዚህ በኋላ ያለውን ብትተወው በወደደች ነበር፤ ግን ሥራዋ ነው። እስኪ አንዴ ከበሩ ጋር ቁሚልኝ አለቻት።

ልጅቷ ሄዳ ጀርባዋን ለእንጨቱ ሰጠች። እንጨቱ ቤት ቤት ሸተታት። የላይኛው ጭረት ትምህርት በተከፈተበት ጠዋት የተጫረው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙም አላደገችም። በትክክለኛ ቁመቷ ከቆመች ጭረቱ የማን እንደሆነ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ከሱ በጣም ከበለጠች ግን የእሷ አይደለም፤ የሌላ ልጅ ነው፤ አባቷም በተተኮሰ ኮቱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። እንዲህ ነበር ያሰበችው። በቀሚሷ ሥር ቀስ ብላ፣ ማንም ሳያያት፣ ከተረከዟ ተነሳች። በእግር ጣቷ ቆመች። ጥርሷን ነከሰች። ጭኗ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት፤ አልወረደችም።

ሴትየዋ በአጉሊ መነጽሩ ወደ ጭረቱ ተጠግታ ነበር። ሁለቱ ሰዎች መግቢያው ጋ እንደ ቆሙ ናቸው። እግሯን ያየ አልነበረም፤ ከአንድ ሰው በቀር።

"ተረከዝሽን አውርጂ፣ እሙዬ" አላት አናጢው።

አዳራሹ ድምፅ የሚያስተጋባ ነውና ሁሉም ሰሙ። ሴትየዋ አጉሊ መነጽሩን ለቀቀችው፤ ደረቷ ላይ ተወዛወዘ። ልጅቷ አባቷን አየችው፣ ራሷንም ነቀነቀች፣ እንዳይናገር። እንባዋ አገጯ ደረሰ። እሱ ዓይኑን ከዓይኗ አላነሳም። ትንሽ ቆይታ ወረደች። ተረከዟ የተወለወለውን ወለል ነካ።

ሁለቱ ሰዎች ከመግቢያው ተነስተው መምጣት ጀመሩ። አናጢው እጁን ወደ እነሱ ዘርግቶ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወንድሞቼ፣ አላቸው። ቆሙለት። ወደ ልጁ ሄደ፤ መዳፉን አናቷ ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ አሳረፈና ወደ እንጨቱ ገፋው። ቢላ በእጁ አልነበረም፤ በአውራ ጣቱ ጥፍር ጫረው። ከዚያ በጣቶቹ ለካ።

"ሁለት ጣት ጨምረሻል" አላት። "ለእናትሽ ንገሪያት።"